የማይለቅ ሙጫ

ቤቱ ከእኛ በፊት ወፍጮ ቤት ነበር። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ፣ ግድግዳው ድንጋይ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት። ወፍጮው ተነቅሎ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰፈሩ ግን ይህን ለመቀበል አልቸኮለም። እኛ ውስጡን ነጭ ቀብተን በሩ ላይ «የዘመናዊ ሥዕል ማሳያ» ብለን ከጻፍን በኋላም ሰው እህሉን ተሸክሞ እየመጣ በሩን ይገፋ ነበር። አንዲት ሴት ጆንያዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ግድግዳውን ዙሪያውን አየችና ወፍጮው የት እንደሄደ ጠየቀችኝ። ቤቱ የሥዕል ቤት እንደሆነ ነገርኳት። «ምነው፣ ምን አገኛችሁ?» አለችኝ፣ ከልቧ አዝና። ጆንያውን ተቀብዬ እስከ መታጠፊያው ሸኘኋት።

ማሳያውን የያዝነው ሦስት ነበርን። አለቃ የለም፣ ጸሐፊ የለም፣ ቁልፉ በተራ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ የተመለስኩ፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝ። ሁለተኛዋ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ሠዓሊ ናት፤ የማዳበሪያ ጆንያ እየተረተረች ክሩን መልሳ ትሸምናለች፣ የምትሸምነውም ከጣሪያ እስከ ወለል ይንጠለጠላል። ሦስተኛው የኔታ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያህል ከደምቢያ እስከ ወገራ ቤተ ክርስቲያን የሣሉ፣ እኔንም በልጅነቴ ብሩሽ ያስያዙኝ ሽማግሌ ናቸው። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩትን ሁሉ እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፣ መስማማት ይሁን ማዘን ሳይለይ።

ይህች ከተማ ሥዕል ጠልታ አይደለም። የሞተ ሰው የሣለውን ትወዳለች፤ ለእሱ ጣሪያ ታድሳለች፣ ጫማ ታወልቃለች። የእኛ ችግር በሕይወት መኖራችን ነበር። ወደ ማሳያችን የሚገባው ዝናብ የያዘው ሰው፣ ዘመድ እንዳያያቸው መቀመጫ የሚፈልጉ የዩኒቨርሲቲ ጥንዶች፣ አልፎ አልፎም የምንሠራው ነገር ከሃይማኖት የወጣ እንዳይሆን ሊያጣሩ የሚመጡ ቄስ ነበሩ። ከማዶ ያለው ባንክ ዘበኛ አንድ ቀን የእኔን ሥዕል ረጅም ጊዜ ቆሞ አየና «ዘመናዊ ማለት ያላለቀ ማለት ነው?» አለኝ። ተናድጄ መለስኩለት። አሁን ሳስበው ከእሱ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ እንግዳ ቀረ፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀለምም ከአዲስ አበባ አይመጣም፣ እኛም ያለንን እያቀጠንን እንሥላለን።

የኔታ መጀመሪያ የገቡት ለእኔ ብለው፣ ይሉኝታ ይዟቸው ይመስለኛል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን አንድ ቀን ቁጭ ብለው «የሰው ትዛዝ ነው ስሥል የኖርሁ» አሉን። «ጻድቅ ሣል ሲሉኝ ሣልሁ፣ ሰማዕት ሲሉኝ ሣልሁ፣ ሥዕሉን አሠርቶ ከግርጌ የሚደፋውን ባለጸጋም ሣልሁ። አሁን ደሞ የማውቀውን ሰው ልሣል።»

የሣሉት የሰፈራቸውን የውሃ ወረፋ ነው። በጎንደር ውሃ በሳምንትም በሁለት ሳምንትም የሚመጣ ነገር ስለሆነ ወረፋው ሰውን ሁሉ ያገናኛል። በአቡጀዲ ላይ፣ ወርዱ ሦስት ሜትር፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ሥዕል ነበር። አሥራ አንድ ሰው ቦኖው ፊት ተሰልፎ፣ ሁሉም እንደ ቅዱሳኑ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ፊታቸው ወደ እኛ፣ በእጃቸው ቢጫ ጀሪካን። ከሰልፉ መጨረሻ፣ በቀኝ ጥግ፣ የራሳቸው ባለቤት ቆመዋል። ሴትዮዋ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሲያዩት «ቅዱሳኑን ሁሉ ፈረስ ላይ ሰቅሎ እኔን ጀሪካን አሸከመኝ» አሉ። ሳቃቸውን አስታውሳለሁ። አንገታቸው መርዘሙን ግን ወደውት ነበር።

የእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብዙውን ጊዜ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው። የኔታም ሌላ መስቀያ አያውቁም፤ ሚስማርና ክፈፍ ለእሳቸው የፎቶ ቤት ነገር ነው። ሙጫውን ራሳቸው ሠሩት። የበሬ ቆዳ ተፍቆ ሁለት ቀን ከሰል ላይ ይቀቀላል፣ ጥቂት ዱቄትና ጨው ይገባበታል። ሽታው ሰፈር ያስለቅቃል። በዚያ ሳምንት ጉንፋን ስለጣላቸው መለጠፉን ለእኔ ሰጡኝ፤ ሙጫውን በድስት፣ ጨርቁን ጠቅልለው። «ሲደርቅ ይይዛል፣ ለብ ያለ ውሃ ሲያገኝ ይለቃል» አሉኝ። «ችኩል ስለሆንህ ነው የምነግርህ፤ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል።»

ድስቱን ይዤ ሄድኩ፤ ሙጫውን ግን ወደ ጎን አደረግኩት። ይህን ዓይኔን በጨው አጥቤ ስክደው ኖሬያለሁ፣ አሁን ልናገረው። የጥምቀት ሰሞን ነበር፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ እኛም የጠራናቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሽታውም አሳፈረኝ። ይህ ሁሉ ግን ሰበብ ነው። ዋናው ምክንያት ሌላ ነበር። ቀበሌው ቤቱን ሊወስደው እንደሚችል በየጊዜው ይነገረናል፣ እኔም አንድ ነገር አሰብኩ። በዚህ አገር ግድግዳው ላይ ሥዕል የተለጠፈበትን ቤት ማንም ደፍሮ አያፈርስም። ሥዕሉ ከድንጋዩ ጋር አንድ ከሆነ ቤቱም የእኛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሙጫው የማይለቅ መሆን ነበረበት። ፒያሳ ወርጄ ሁለት ባልዲ የእንጨት ኮላ ገዛሁ። ሸማኔዋ ጓደኛዬ መሰላሉን ይዛልኝ ነበር። «የኔታ ቢሰሙስ?» አለችኝ። ማን ይነግራቸዋል አልኳት።

ኮላው በአንድ ቀን ደረቀ። ሥዕሉ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቀረ። የኔታ ድነው ሲመጡ ከሩቅ አይተው «ሸጋ አድርገህ ለጥፈኸዋል» አሉኝ፣ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ባለቤታቸው ሦስት ቀን ታመው አረፉ። ከዚያ የኔታ ዓይናቸው እየደከመ መጣ፤ ሆስፒታል ወስደናቸው የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል አሉን። ብሩሹን ያስቀመጡት ያን ጊዜ ነው። ማሳያው ግን አልቀረባቸውም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ በዘንጋቸው መንገዱን እየዳሰሱ ይወርዳሉ፣ በቀጥታ ወደ ቀኝ ጥግ ይሄዳሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ቀለም የሚደራርቡ ሰው ስለነበሩ መስመራቸው ለጣት ይታወቃል። በባለቤታቸው ግንባር ይጀምራሉ፣ በአፍንጫው ይወርዳሉ፣ የነጠላውን ጥለት አንድ በአንድ ይከተላሉ፣ ወገብ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። ጎንበስ ማለት ይከብዳቸው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሳያቸው ራሴ ጽፌ የለጠፍኩት «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ከጎናቸው ነበር። ቀድጄ ጣልኩት።

ከዚያ በኋላ ማሳያው በእውነት የሚያገለግለው አንድ ሰው ነበር ብል አላጋነንኩም። ሸማኔዋ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች። እኔም በየቀኑ መክፈቱን ተውኩ፤ እሑድ ግን አንድም ቀን አላጎደልኩም።

ቀይ ቀለም የያዙ ሁለት ወጣቶች የመጡት በግንቦት ነው። በራችን ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ቀብተው፣ ትሁት ሆነው፣ መንገዱ ሊሰፋ መሆኑንና አምስት ቀን እንዳለን ነገሩኝ። ያቺ ምልክት ሰፈሩ በአንድ አፍታ የተረዳት የመጀመሪያዋ ዘመናዊ ሥዕላችን ናት። የቀበሌ ቤት ስለሆነ ምትክ የሚባል ነገር የለም። ደብዳቤ ጽፌ ወደ ቀበሌው ቢሮ ሄድኩ፤ በቤቱ ግድግዳ ላይ የማይነቀል ሥዕል እንዳለ አስረዳሁ። ያ ሁሉ ተንኮሌ ለዚህች ቀን ነበር። ሹሙ በጥሞና አዳመጠኝ። «ሥዕሉ ንብረታችሁ ነው፤ ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ» አለኝ፣ ውለታ እንደዋለልኝ ሰው። የጎረቤት ፊርማም ለማሰባሰብ ሞከርኩ። ሁለት ቤት አልፎ ሱቅ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን አነበበና ቀና ብሎ «ለመሆኑ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ነበር የምትሠሩት?» አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስኳርና ሳሙና የገዛሁት ከእሱ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ለየኔታ ስነግራቸው አልደነገጡም። «እሱማ ምን ችግር አለው?» አሉ። ወጣት ሳሉ ወገራ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ የመቅደሱን ሥዕል ከነጨርቁ በለብታ ውሃ እያራሱ አንስተው፣ ጠቅልለው በበቅሎ ጭነው፣ አዲሱ ግድግዳ ላይ መልሰው ለጥፈዋል። አንድ ጣት የምታህል እንኳ አልተቀደደችም። «ቅዳሜ እኔው ራሴ እመጣለሁ። እሷን ቤት እንወስዳታለን» አሉኝ።

እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ነበረኝ። በሦስቱም ቀን ልነግራቸው ተነሥቼ በሦስቱም ቀን በራቸው ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። በዚህ መሐል ለብቻዬ ሞከርኩ። የፈላ ውሃ፣ አቼቶ፣ ምላጭ። በግራ በኩል ከላይ አንድ ጥግ ፈልቅቄ ብጎትተው ጨርቁ ክር ክር እያለ ተበጠሰ፣ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ረገፈ። ሌላውን አልነካሁም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም፣ ይበልጡ ለራሴ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የኔታ አዲስ ነጠላ ለብሰው መጡ። ውሃ አስሞቁኝ፣ በክንዳቸው ሙቀቱን ለኩ፣ ጨርቅ ነክረው በቀኝ በኩል ከባለቤታቸው ራስ በላይ ያለውን ጠርዝ ያርሱ ጀመር። እኔ ባልዲ ይዤ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። ያርሳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ በጥፍራቸው ይሞክራሉ፣ ደግመው ያርሳሉ። «ሙጫዬ ጠንክሯል» አሉ አንዴ፣ ኮራ ብለው። ረፋድ ሆነ። ከዚያ የጠርዙን ርጥበት በሌባ ጣታቸው ጠረግ አደረጉና ምላሳቸው ላይ አኖሩት።

«ጨው የለውም» አሉ።

ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩ።

«ይኸ የኔ ሙጫ አይዶለም።»

«አይደለም፣ የኔታ።»

«ምንድነው?»

«የእንጨት ኮላ ነው።»

«በር የሚገጥሙበት?»

«አዎ።»

እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲቆጡኝ፣ በዘንጋቸው እንዲመቱኝ ፈለግኩ፤ በልጅነቴ ብሩሽ ሳላጥብ ሳድር መትተውኝ ያውቃሉ። አሁን ግን የት እንዳለሁ እንኳ የረሱ ይመስሉ ነበር። ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ወረዱና ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እርጥቡን ጨርቅ አንስተው ከታች፣ ከመሬቱ አጠገብ ያለውን ጠርዝ ያርሱ ጀመር። እጃቸው ሥራ እንጂ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ደቂቃ አልፈጀም። ጥጉ ተነሣ።

«ይኸው» አሉ። «ይኸው መጣች።»

ጨርቁ እየተላጠ ወደ ላይ ወጣ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ቀለሙ ሳይነካ፣ ልክ ቅዳሜ እመጣለሁ ባሉኝ ቀን እንደነገሩኝ። ጀሪካኑ ወጣ። የቀሚሱ ዘርፍ ወጣ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ላየው አይገባኝም ነበር። ጉልበቷ ላይ ሲደርሱ ጨርቁ ቆመ። ሳብ አደረጉት፣ አልመጣም። አራሱት፣ ጠበቁ፣ ሳብ አደረጉት። ክሩ ተበጠሰ።

«እዚህ ድረስስ ምንድነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው» አልኳቸው። «ከታች ጥጉ ላይ ስደርስ ኮላው አልቆብኝ፣ የእርስዎን ሙጫ ቀብቼው ነው።»

ሌላ አልጠየቁኝም። በጉልበቷ ላይ እንድቆርጠው ነገሩኝ፣ ቆረጥኩት። መስመሩ ተጣመመብኝ። ጠቅልለው በነጠላቸው ሥር ያዙት፣ ልሸኛቸው ብል መንገዱን አውቀዋለሁ አሉኝ።

ዶዘሩ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የፊቱን ግድግዳና ጣሪያውን ወሰደ፤ ከዚያ ነዳጅ ጨረሰ መሰለኝ ቆሞ ዋለ። የኋላው ግድግዳ ከነሥዕሉ ለመንገዱ ተገልጦ ቀረ። በዚያ አንድ ቀን ያየነውን ያህል ሰው በአራት ዓመት አይተን አናውቅም። የባጃጅ ሹፌሮች ፍጥነት ቀንሰው ያያሉ፣ ተማሪዎች ስልካቸውን ያነሣሉ፣ የባንኩ ዘበኛ ተሻግሮ መጣ። ጀሪካን በጀርባዋ ያዘለች አንዲት ሴት ግድግዳው ፊት ቆማ ቀረች። «ይቺ አራተኛዋ እኔ ነኝ እንዴ?» አለች። እሷ ነበረች። ከማሳያችን ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ትኖራለች፣ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም፤ እኔም ግቢ ብያት አላውቅም። ከጎኗ ያሉትን በስማቸው እየጠራች ለአላፊ አግዳሚው አስተዋወቀች፣ የሞቱት ላይ ስትደርስ ነፍስ ይማር እያለች። መጨረሻ ላይ ያሉት የኔታ ባለቤት ከጉልበታቸው በታች ድንጋይ ሆነዋል። «እግራቸውን ምን በላው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ከሰዓት በኋላ ነዳጁ መጣ።

ማታ ሸማኔዋ ደውላ ሌላ ቤት እንፈልጋለን አለችኝ። እሺ አልኳት። ሁለታችንም እንደማንፈልግ እናውቅ ነበር። ይህን የምጽፈው ከዓመት በኋላ ነው፣ እስካሁንም አልፈለግንም፤ አሁን እሷ ስለልጇ ትምህርት ቤት ትነግረኛለች፣ እኔ ስለ ውሃው።

በሳምንቱ የኔታ ቤት ሄድኩ። ባዶ እጄን መሄድ አቅቶኝ፣ ሥዕሉ ሙሉ ሳለ በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ ፒያሳ ፎቶ ቤት ትልቅ አድርጌ አሳትሜ ያዝኩ። ባለቤታቸው ከራስ እስከ እግር ጥርት ብለው ይታያሉ። የኔታ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፣ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አወረዱት፣ ገለበጡት፣ ጀርባውንም ዳሰሱት።

«ልሙጥ ነው» አሉና መደቡ ላይ አኖሩት።

ጨርቋን ያን ጊዜ አየኋት። ሙጫ ቀቅለው ራሳቸው ለጥፈዋታል፣ በዳበሳ ስለሆነ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብላለች። የለጠፏት ከወለሉ ጋር አስተካክለው፣ እግር በሚሆንበት ቦታ ነው። ከጉልበት በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ባዶ ግድግዳ አለ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እንዳልሰሙ ሆነው ወለሉ ላይ ተቀመጡና ና አሉኝ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እጄን ይዘው ጣቴን ጨርቁ ላይ አኖሩት።

«ጣቶቿን ቁጠራቸው» አሉኝ።

ዳሰስኩ። የሚቆጠር ነገር አልነበረም። ቀለሙ ቀጭን ነው፣ አንድ ሁለት የብሩሽ ጭረት ብቻ፣ ቅርጽ የሌለው ነገር። በሥዕሉ ላይ ፊቱን ለወር፣ ጥለቱን ለሳምንት የሠሩ ሰው እግሩን በአንድ ከሰዓት ጨርሰውታል።

«አይቆጠርም፣ የኔታ» አልኳቸው።

«አይቆጠርም» አሉ። «እግሯ ላይ ቸኮልሁ። ማን ያየዋል ብዬ።»